አጥንት ሲባል

«በዘራችሁ የአጥንት ችግር ያለበት ሰው አለ?»

ሲል ወጣቱ የጥርስ ሐኪም ሀብትነሽን ጠየቃት። ጉንጯ አብጦ፣ ጥርሷን ልታስነቅል ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣች ሴት ስለ ዘሯ እጠየቃለሁ ብላ አላሰበችም። ለጥናት የመጡ የጥርስ ሐኪሞች በነፃ ያያሉ ብላ የላከቻት የአንድ ለአምስት ተጠሪዋ ነበረች። ሐኪሙ አስቀድሞ መንጋጋዋን ራጅ አነሣ፤ ኮምፒውተሩ የታችኛውን መንጋጋ አጥንት ውፍረት ለካ። አጥንትዎ ሳስቷል አላት። መንጋጋው ከሳሳ ወገቡም ዳሌውም ሳይሳሳ አይቀርም፣ ወድቀው ሳይሰበሩ ትልቅ ሆስፒታል ሄደው ያረጋግጡ አላት። ይህን ሁሉ የተናገረው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰልፈኛው እየሰማ ነው። ያንን ጥያቄም እንዲሁ በሩ ክፍት እንደሆነ አስከተለ።

ሀብትነሽ እናቷን አሰበች። በስተርጅና አጥረው፣ ጎብጠው፣ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው የሞቱት። ይህ ችግር ይባላል ወይስ እርጅና? ስታመነታ ዝም አለች።

በሩ አጠገብ ወይዘሮ እናኑ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጀርባቸው የጎበጠ ሴት ናቸው። የሀብትነሽን ልጅ ያምሮትን ለልጃቸው ለባንተአምላክ አጭተዋል፤ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ዘመድ ሊጠይቁ አብረዋት መጥተው ነው። በአገራቸው ልጅ ሲታጭ አጥንት ይቆጠራል፤ «አጥንት አለበት» የተባለ ቤት የሥጋ ደዌ በዘሩ ያለበት ቤት ማለት ነው፣ ማንም አይጋባውም። ወይዘሮ እናኑ ጥያቄውን ሰሙ፣ ዝምታውንም ሰሙ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሀብትነሽ ጥርሷ ተነቅሎ ጥጥ ነክሳ ስትወጣ መናኸሪያ እንኳ አላገኘቻቸውም።

በሳምንቱ ከወይዘሮ እናኑ ቤት ሽማግሌዎች መጡ። ጠላ ቢቀርብላቸው አልቀመሱም። አጥንታችን አልገጠመም ብለው ሄዱ። ያምሮት አላለቀሰችም፤ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፣ መፈልፈሏን ቀጠለች። ሀብትነሽን ያበገናት ይኸው ነው።

ተመልሳ ፍኖተ ሰላም ሄደች። ሐኪሙ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ መሆን አልለመደም።

«እኔ የጠየቅሁት ስለ አጥንት ነው እናቴ።»

«እኛም የሰማነው አጥንት ነው። ልጄን ከትዳር ያስቀረብኝ ያንተ ቃል ነው። በል አሁን ራጁን ስጠኝና ለሰው እንድነግረው አድርገህ አስረዳኝ።»

አስረዳት። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ሴት ስታረጅ የሚበዛ ነው፤ አንዳንዴ ግን በዘር ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ የአከርካሪው አጥንት ሲሳሳ ውስጥ ውስጡን ይሰበርና ጀርባ ይጎብጣል። ሲጨርስ አቀርቅሮ ይቅርታ አላት። ይቅርታው ቡሬ የሚደርስ አልመሰላትም።

ወይዘሮ እናኑ ደጃቸው ላይ ጎንበስ ብለው ጤፍ ሲያበጥሩ አገኘቻቸው። ተቀመጪ ቢሏት እንቢ አለች። ራጁን ወደ ፀሐይ አነሣችው።

«ይኼ የሥጋ ደዌ አይደለም። አጥንት ሲሳሳ ነው። የእኔን ለማየት ኮምፒውተር አስፈልጓል፤ የእርስዎ ግን ከጀርባዎ ይታያል።»

«እኔንም አጥንት አለብዎ ልትይኝ ነው?»

«አለብዎ እንጂ። እኔም አለብኝ። እንደ እርስዎ ቆጠራ ከሆነ እንደኛ የሚገጥም ቤት የለም።»

ወይዘሮ እናኑ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«እውነትሽን ይሆናል። አገሩ ግን አጥንት ተብሎ ሰምቷል። ማን ቤት ለቤት እየዞረ ይመልሰዋል?»

«እርስዎ! ወሬውን ያዞሩት እርስዎ አይደሉም?»

ወይዘሮ እናኑ ሰፌዱን መልሰው አነሡ። ባንተአምላክ ከበረት ወጥቶ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ሁሉንም ሰምቷል። ሀብትነሽ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

እናቱን አየ፤ መሬት መሬት አየ፤ ዝም አለ። ሀብትነሽ ራጁን ጠቅልላ ጀርባዋን ሰጠችው። ሐኪሙ ፊት የእሷ ዝምታ ባለማወቅ ነበር። የእሱ እያወቀ ነው።

ጥር ሲገባ ያምሮት ወደ መራዊ ሄደች፣ እህል ነጋዴ ቤት ተቀጠረች። ባንተአምላክ እናቱ ቤት ቀረ።