ዕቃ የማይሰድበው ገዢ

«የመጨረሻ ስንት?»

ሰላምታ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ። ልብስ ሰፊዋ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ስልኩን ለልጇ መለሰችላት።

«ለዚህ እንዳትመልሺለት» አለቻት። «ሰው ቤት ሲገባ በር አያንኳኳም እንዴ?»

«እማዬ፣ እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው።»

«እንግዲያው ሁሉም አይግዛ!»

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው ከመኖሪያ ቤቷ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠርዝ የሚመታ አዲስ ማሽን ገዝታ ማስቀመጫ ቦታ አጣችለት። የክፍሏን ግማሽ የያዘው ከእናቷ የቀራት ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ነው። ስንቴ ወዲያና ወዲህ ገፋችው፣ ስንቴ ለካችው፤ ሜትሩ ሊዋሽላት አልቻለም። በመጨረሻ አንጀቷ ሳይወድ «እሺ ይሸጥ» አለች። ልጇም ፎቶ አንስታ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ገጽ ላይ ለጠፈችው። እናቷ በተናገረችው ዋጋ ላይ ትንሽ ጨመር አደረገችበት፤ መከራከሪያ እንዲሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጉድ ተወርቶ አያልቅም። አንዱ የዋጋውን ግማሽ ጠርቶ «አሁኑኑ ልምጣ?» ይላል፤ ውለታ የዋለ መስሎታል። አንዷ በብስክሌት ካልለወጣችሁኝ ብላ ድርቅ አለች። ሌላው «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» እያለ እናትና ልጅን ግማሽ ቀን ካስጠበቀ በኋላ ስልኩን ዘጋ። አንድ ደፋር ደግሞ ዕቃውን በዓይኑ እንኳ ሳያየው «ይሄ እኮ ለማገዶ ነው» ብሎ ጻፈ። ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ልጅ ፊት የማይባል ነገር አጉተመተመች።

እንዲህ ተስፋ በቆረጡበት አንድ ምሽት ሌላ መልእክት ገባ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እንደምን አመሻችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ቁም ሳጥናችሁን አየሁት። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። የጠራችሁት ዋጋም ሲያንሰው ነው። ችግሩ ያለው ከእኔ ኪስ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ ነው? ሊገዛ ነው ወይስ ሊመርቀን?»

እናቷ አልሳቀችም። የምትሰፋውን እጅጌ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ከደገመችላት በኋላም «ስሙ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«አልጻፈም። ፎቶውም አበባ ነው።»

«በይ ትንሽ ቀንሺለትና ምን እንደሚል እንይ።»

ልጅቷ ቀነሰች። ሰውዬው አመሰገነ፣ ቁም ሳጥኑን እንደገና አሞገሰ፣ ኪሱን እንደገና ወቀሰ፣ ከዚያ «የመኪና ኪራዬን ብቻ ብትተዉልኝ» አለ። ልጅቷ አይሆንም አለችው። «በሉ ደህና እደሩ። እግዜር ከእኔ የተሻለ ገዢ ይስጣችሁ» ብሎ ተሰናበተ።

በማግስቱ ጠዋት ከዚያው ከአበባው መልእክት መጣ። «እንደምን አደራችሁ? እኔ የምላችሁ፣ ቁም ሳጥን ትሸጣላችሁ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

የማታው ጭቅጭቅ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውዬው ግን ገና ዛሬ የመጣ እንግዳ ሆኗል። ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እናቷ ወንበሯን ስባ ቁጭ አለች። በዚህ ዓለም እንዲህ አድርጎ የሚከራከር አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱም ወንድሟ ነው።

በልጅነቷ ገበያ ይዟት የሚሄደው እሱ ነበር። ሽንኩርቱን ያሞግሳል፣ ባለ ሽንኩርቷን ያሞግሳል፣ ድህነቱን ይናዘዛል፣ መርቆ ይሰናበታል። ከዚያ የእህቱን እጅ ይዞ ጥጉን ይዞርና ጥቂት ቆሞ ይመለሳል፤ «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ሽንኩርት አለ?» ይላል። ነጋዴዎቹ ይስቃሉ፣ ስቀውም ይቀንሳሉ። ሌሎች ገዢዎች እንደሚያደርጉት «ይሄ ሻግቷል፣ ይሄ በስብሷል» ማለት ግን ነውሩ ነው። አንዴ እሷ ቲማቲም ስትሰድብ ቆንጥጧት «ባለቤቷ እኮ ትሰማለች» ብሏታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው እናታቸው ሞታ ቤቷ ሲሸጥ ገዢው የጠራውን ዋጋ አንዲት ቃል ሳይመልስ የተቀበለው። ለሽንኩርት ጥጉን የሚዞር ሰው ለእናቱ ቤት አንዴ እንኳ አልተከራከረም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ዘመድ በተሰበሰበበት «ከገዢው ጋር ተመሳጥረህ ስንት በእጅህ ገባ?» አለችው። ወንድሟ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ያኔ ልጇ በዳዴ የምትሄድ ሕፃን ነበረች። አሁን ኮሌጅ ልትጨርስ ነው።

ንዴቱ ከዓመት ዓመት በረደላት። ያልበረደላት ጥያቄው ነው። በእጁ ገብቶ ከሆነ ምነው ሲያልፍለት አልታየ? ካልገባስ ለምን አልተከራከረም? ልብስ እየሰፋች ስታስበው ክሩ ያልቅና ባዶ መርፌ ስትነዳ ራሷን ታገኛለች። መታረቁን ፈልጋ ነው ወይስ ማወቁን፣ እሷም ለይታ አታውቀውም። አሁን ግን ሰውዬው ከልጇ ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ቤተሰብ ጤና ይጠይቃል። ስሙን ብትጠራው በርግጎ ይጠፋ ይሆናል።

«ዋጋ በስልክ አይቆረጥም፤ መጥተህ እይ በይው» አለች ልጇን። «አድራሻችንን ላኪለት።»

ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ። ልጅቷ ከፈተች። ጸጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከማሽኗ ተነሣች። ተያዩ። ማርጀቱ አንጀቷን በላው፤ አፏ ግን እሺ አላላትም።

«ይግቡ» አለችው።

«አስቸገርኩዎት እመቤቴ።»

«ምን ችግር አለው፣ ንግድ ነው።»

እሱም ልክ እንደ ባዕድ ገባ። ልጅቷ ሁለቱን እያፈራረቀች ታያለች፤ እናቷ ለማንም ገዢ እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አታውቅም። ሰውዬው የቁም ሳጥኑን መሃለኛ በር ከፍቶ መዳፉን በእንጨቱ ላይ አሳለፈ።

«ጥሩ አድርገው ይዘውታል» አለ። «ምን ይወጣለታል! ችግሩ ያለው እንዳልኩት…»

«ኪስዎ ላይ ነው፤ ጽፈውልናል» አለች ልብስ ሰፊዋ። የዓመታቱ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፣ ግን የወጣው ሌላ ነገር ነው። «ለነገሩ ምንም አይረባም። ጀርባውን ምስጥ በልቶታል።»

ሰውዬው ዘወር አለ። «ኧረ የት አለ ምስጥ?»

«አለ እንጂ! በሩም ይጮኻል። ደግሞ ይሸታል፤ የታመመ ሰው ልብስ ሲቀመጥበት የኖረ ነው። ስንት ጊዜ አጠብኩት፣ አልለቅ አለኝ።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሰውዬው ግን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨመደደው።

«እባክዎን ይተዉት» አለ። «የጻፋችሁትን ዋጋ እሰጣለሁ። ልክ መጀመሪያ የጻፋችሁትን። አሁኑኑ ይጫንና ነገሩ ይለቅ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ አየችው።

«ይኸው!» አለች በመጨረሻ። «ያኔም እንዲህ ነው ያደረግከው! አንተ ሰው፣ ለምንድን ነው?»

«እርስዎ» መባባሉ ቀረ። ወንድሟ ወንበር ፈልጎ፣ የተቆረጠ ጨርቅ የተቆለለበት ላይ እንዳለ ተቀመጠ።

«ሰውዬው ቤቱን እየዞረ ይሰድብ ጀመር» አለ ቀስ ብሎ። «ጣራውን ሲሰድብ ቻልኩት። ግቢውንም ቻልኩት። የእማዬ መኝታ ቤት ሲገባ ግን አፍንጫውን ያዘ። ‹እዚህ ሰው በስብሷል እንዴ? ወለሉን ነቅዬ ካልጣልኩት ይሄ ግማት አይወጣም፤ ስለዚህ ቀንስ› አለኝ። በመስኮት ስመለከት አንቺ ልጅሽን አዝለሽ በሩን ከፍተሽ እየገባሽ ነው። በአንድ እጅሽ ለገዢው ብለሽ ውኃ ይዘሻል። እማዬን እስከ መጨረሻው ያጠብሻት፣ አንሶላዋን የቀየርሽው አንቺ ነሽ። ያንን ነገር አንቺ ፊት ሊደግመው ሆነ። እኔም ‹ባልከው ውሰደው፣ ብቻ ውጣልኝ› አልኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ብርጭቆውን እንደያዘች ከደጅ ሲያልፋት ያየችው አንድ ወፍራም ሰው ትዝ አላት። ሰላም እንኳ አላላትም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። «ሌባ ስልህ ለምን ዝም አልክ?»

«ልንገርሽ ብል እኔው ልደግመው ነው።»

ዓመታት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ አንድም ቀን ይህ አልመጣላትም። ሂሳብ ነበር የምትፈልገው፤ የጎደለውን ሁሉ ስትፈልግ የኖረችው በእሱ ኪስ ውስጥ ነው።

ከውጭ የመኪናው ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች ግራ ተጋብታ ቆማለች።

«እማዬ፣ ተሸጠ ልበል? ሌሎች እየጠየቁ ነው።»

«ነይ ወዲህ» አለቻት እናቷ። «አጎትሽ ነው።»

ልጅቷ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ያ…» ብላ ጀመረችና ቃሉን ዋጠችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ቃል ነው። ሦስቱም የትኛው ቃል እንደሆነ ገባቸው።

«እናትሽ ገና ልጅ ነበረች እኮ፣ ንዴት ነው…» ብሎ ወንድምዬው እህቱን ለማዳን ለልጅቷ ማስረዳት ጀመረ።

«ተወኝ ወንድም ጋሼ፣ እኔ ልንገራት» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ልጇን ፊት ለፊት እያየች፣ በዘመድ መሃል ያለችውንም፣ ኋላ በዚህች ክፍል ማሽን እየነዳች ስትደጋግም የኖረችውንም፣ አንድም ሳታስቀር ቃል በቃል እያነሣች ውሸት ነበር አለቻት። ወንድሟ ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙሮ አለቀሰ።