ድምፅ የሌላት ቁልፍ

ሰሞኑን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ድሮዎቹ የጃዝ ክለቦች ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። «እማማ፣ የእንጣጥ ዜማ መሃል ላይ ቀጥ እያለ የሚዘለው ከምን ፍልስፍና ተነስቶ ነው?» አሉኝ። ፍልስፍና! ሳቄን ሳፍን ትን ሊለኝ ነበር። ኧረ ልጆቼ፣ የፒያኖው ቁልፍ ተሰብራ ነው!

እንጣጥ የምንለው ያን ጊዜ ከተማውን ያሳበደውን ፒያኖ ተጫዋች ነው። በሚሠራበት ክለብ ፒያኖ ላይ አንዲት ቁልፍ ነበረች፤ ቢጫኗት፣ ቢደበድቧት ድምፅ የላትም። እሱ ግን እንዳለች ቆጥሮ ይመታታል። ጣቱ ይወርዳል፣ ድምፅ የለም፣ ዜማው እንጣጥ ብሎ ያልፋል። ሰው በዚህች ነገር አበደ። ውሎ አድሮ በዚያው መንገድ ላይ ባሉት ክለቦች ሁሉ፣ ፒያኗቸው ደህና የሆነ ተጫዋቾች እንኳ ጣታቸውን አየር ላይ እያንጠለጠሉ ይኮርጁት ጀመር። አንዱማ ቤቱ ቁጭ ብሎ መስተዋት ፊት ይለማመድ ነበር አሉ።

እኔ የፒያኖ ቃኚ ልጅ ነኝ። አባባ በሥራ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ስንት ለምኛቸው፣ «በይ እሺ፣ አንድ ፒያኖ ለብቻሽ ቃኚ። እሁድ ከሰዓት መጥቼ እሰማለሁ። ካማረ ባለሙያ ነሽ። ካላማረ ግን ሌላ ሥራ ፈልጊ» አሉኝ። ያሉትን የማያደርጉ ሰው አይደሉም። እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። የደረሰኝ የእንጣጥ ፒያኖ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ አንዲት ሴትዮ ወለሉን ትወለውላለች። ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘሁ። ያችን ዝምተኛ ቁልፍም ከፍቼ አየኋት፤ ክሩን የምትመታው ትንሿ መዶሻ አንገቷ ተሰብሯል። አዲስ ቀየርኩላት። ስጫናት ጥርት ብላ ጮኸች! ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ሴትዮዋን ከነመወልወያዋ አቅፌ ሳምኳት።

ከሰዓት በኋላ እንጣጥ ከባንዱ ጋር ልምምድ ጀመረ። ያቺ ቁልፍ በየመሃሉ ጥልቅ ትላለች። ከበሮ መቺው እጁ ቀጥ አለ። ባስ ተጫዋቹ፣ «ማነው እሱ?» ብሎ ወደ በሩ ዞረ፤ ሌላ ሰው መሣሪያ ይዞ የገባ መስሎት። እንጣጥ ቁልፏን እንዳይነካ ጣቱን ሊያነሳ ሞከረ። አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይሳሳታል። ስድስት ዓመት የለመደ እጅ በአንድ ቀን ከየት ይታዘዛል?

«እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ።

«ሠራሁልህ እንጂ!»

«ገደልሽኝ እንጂ!»

ዓርብም ያው ሆነ። የእሁዱ ትርዒት ወንበር ደግሞ ገና ካሁኑ ተይዞ አልቋል። ቅዳሜ ጠዋት ፒያኖው ፊት ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዳለ ብተወው እኔ ባለሙያ እባላለሁ፣ እሱ በሰው ፊት ይዋረዳል። ባበላሸው እሱ ይድናል፣ እኔ ግን አለቀልኝ። አባባ ድምፅ የሌላት ቁልፍ ሰምተው ዝም ሊሉ? ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አፍንጫዬን ጠርጌ ተነሳሁ። የሱፍ ቁራጭ አጣጥፌ መዶሻዋ ክሩ ጋ እንዳትደርስ ወሸቅኩባት። ሁለት ቀን የኮራሁባትን ሥራ በገዛ እጄ አፈንኳት።

እሁድ አባባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንጣጥ ያን ቀን እንዴት እንደተጫወተ በምን አፌ ልንገራችሁ! ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ግን የማየው የአባባን ቅንድብ ብቻ ነው። ዜማው እንጣጥ ባለ ቁጥር ከፍ ይላል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሲያልቅ ማንንም ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ወደ ፒያኖው ሄዱ። ክዳኑን ከፍተው በእጅ ባትሪ ውስጡን አዩ።

«ይህን ማን አደረገው?»

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። «እኔ ነኝ። ሐሙስ ሠርቻት ነበር፣ ትናንት አበላሸኋት። ሰውየው ያለዚህ መጫወት አይችልም።»

እንጣጥ ከኋላችን ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። አባባ ሱፉን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«መጥፎ ሥራ ነው» አሉ። «ሱፍ በሦስት ወር ይሳሳል። ያኔ ቁልፏ ሰው መሃል ትጮህና ይህን ምስኪን ጉድ ትሠራዋለች። ባለሙያ እንዲህ አያበላሽም። ቆዳ ነው የሚደረገው።»

ከቦርሳቸው ቁራጭ ቆዳና መቀስ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። ባትሪውንም ራሳቸው ያዙልኝ። እኔ እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ እሳቸው ሲሠሩ መብራት እየያዝኩ፣ እጄ ዘንበል ባለ ቁጥር እየተቆጡኝ ነው ያደግኩት። ጎንበስ ብዬ ቆዳውን መቁረጥ ጀመርኩ። እንባዬ አላሳይ አለኝ፤ ብርሃኑም ይወዛወዛል።

«ቀና አድርገው ይያዙት እንጂ፣ አባባ!» አልኳቸው።

ቀና አደረጉት።