የሰበታው ቆራጭ

ዶክተር ሕዝቅያስን ሰበታ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ቆራጩ» ነው የሚባለው። ባጃጅ ነጂ እንኳ ወደ ሆስፒታሉ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲያገኝ «ቆራጩ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሆሳዕና መጥቶ እዚህ በቀዶ ሐኪምነት ሲሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያተረፈውም ይህንኑ ቅጽል ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ብረት የወደቀበት ሰው ስብራቱን ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው በቀርቀሃ ስንጥር ጠፍንጎ ያስረዋል። ደም መተላለፊያ ያጣው እግር በሦስተኛው ቀን ይጠቁራል፣ በአምስተኛው ይሸታል፤ ሆስፒታል የሚታወሰው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሕዝቅያስ ከመቁረጥ በቀር ምን ምርጫ አለው? የቆረጠውን አገር ያወራዋል፣ ያሰረውን ማንም አያነሳም። ቆራጩን የፈራ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ሳይታሰሩ የሚመጡት በጅማ መንገድ ላይ መኪና የተገለበጠባቸው መንገደኞች ናቸው፤ እነሱም ድነው ወደየአገራቸው ስለሚሄዱ ሰበታ አያያቸውም።

ተማሪ ሳለ አንድ መምህሩ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስለነበሩ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ነግሮት ነበር። ማደንዘዣ ከመምጣቱ በፊት እግር በሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆርጡ ነበር፤ ተመልካቹም ሰዓት ይዞላቸው፣ ሲጨርሱ ያደንቃቸው ነበር አሉ። ሕዝቅያስ ይህን ባሰበ ቁጥር ይበግናል። እነዚያ ቆርጠው ተደነቁ፤ እሱ ማደንዘዣና ራጅ እያለው ስሙ ጠፋ። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ የዚሁ አካባቢ ሰው ሳይታሰር መጥቶ፣ በሁለት እግሩ ከበሩ ሲወጣ ከተማው እንዲያይለት።

በየካቲት ጌዲ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ እግር ከጉልበቱ በታች ሲቆርጥ ትዕግሥቱ አለቀ። ያሰሩት የቡራዩው ወጌሻ ኦቦ ቦጂያ መሆናቸውን ሰምቶ በነጋታው ቤታቸው ድረስ ሄደ።

«አካም ጅርቱ ዶክተር፣ ይቀመጡ» አሉት ሽማግሌው።

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ማሰሩን ይተዉ አላልኩም። ግን ጣቶቹን ክፍት ትተው ይዩ፤ ከቀዘቀዙ ፈትተው ወደ እኔ ይላኩ።»

«መች ሳልልክ ቀረሁ! ቆራጩ ጋ ሂድ ስለው ሌላ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። የሚፈሩት እኮ አንቱን ነው እንጂ እኔን አይደለም።»

ሕዝቅያስ እየተንገበገበ ወደ ሰበታ ተመለሰ።

በሚያዝያ አንድ ረፋድ ላይ ኦቦ ቦጂያ ራሳቸው ሆስፒታሉ በር ላይ ከመኪና ወረዱ። ሴት ልጃቸው ሶሬቲ ከደረጃ ወድቃ ቅልጥሟ ተሰብሯል። ስንጥር የለም፣ ገመድ የለም።

ሕዝቅያስ ደስ ሊለው ሲገባ ደሙ ፈላ። «የሰው ልጅ ሲሆን ያስራሉ፣ የራስዎ ሲሆን ወደ እኔ ያመጣሉ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «የራሴን ልጅ ማሰር ፈራሁ ዶክተር። ያድኑልኝ።»

ሦስት ሰዓት ፈጅቶ አጥንቱን በብረት አያያዘው። ሶሬቲ ተኝታ በቆየችባቸው ቀናት አባቷ በየጠዋቱ እየመጡ የእግር ጣቶቿን በቅቤ ያሹላት ነበር። ነርሷ ሲስተር ኤልሳቤት «ልከልክላቸው?» ብትለው፣ ሕዝቅያስ «ተያቸው፣ ጉዳት የለውም» አላት። ጠያቂው ሁሉ በክፍሉ ሲያልፍ አያቸው።

በነሐሴ ሶሬቲ ከአባቷ ጋር ለመጨረሻ ምርመራ መጥታ፣ ምርኩዟን ጥላ ከበሩ ወጣች። ፈረቃ የጨረሱ ሠራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ በቆሎ ጠባሾች ሁሉ ቆመው አዩዋት። ሕዝቅያስ ጋዋኑን እንደለበሰ ተከትሏት ወጥቶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ቀን ነውና እንባው መጣበት።

«አያችሁ የቦጂያን እጅ!» አለ አንዱ ነጂ። «ቆራጩ ሊቆርጣት ሲል እኮ እሳቸው ናቸው አሽተው ያዳኗት!»

ሴቶቹ እልል አሉ።

«ኧረ ዶክተሩ ነው ያዳናት!» አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

«ትሕትናቸውስ!» አለች በቆሎ ጠባሿ።

አንድ ወጣት የተሰበረ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ ወደ ሆስፒታሉ ሊገባ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ይህን ሲሰማ ዞረና ባጃጅ ውስጥ ገባ። «የቡራዩ ታክሲ ጋ አድርሰኝ» አለ።

«ኧረ ቁም! ቦጂያ እዚሁ ናቸው! ቁም!» ሕዝቅያስ በጭቃው ውስጥ እየሮጠ ተከተለው።

ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አየው። ቆራጩ በነጭ ጋዋን እየሮጠ ሲመጣበት ጊዜ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው።