የወርሳሜ ሁለት ደም

«ውጤቱ ደርሷል፣ ሁለታችሁም ኑ» ተብሎ ሲደወል በሺር ሽርጡን ለመቀየር እንኳ አልታገሠም። ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዙት። ከድሬዳዋው መጋላ ሰፈር እስከ ክሊኒኩ ባጃጁን የነዳው ታናሽ ወንድሙ ወርሳሜ ነው። ባጃጁ ግን የበሺር ነው፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

የበሺር የልብ ጡንቻ እንደደከመ ሐኪም ከነገረው አራት ዓመት ሆኖታል። መድኃኒቱን እየዋጠ ይነዳ ነበር። አምና በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ከተማውን ሲያምሰው ወንድማማቾቹ በአንድ ሳምንት ወደቁ፣ በአንድ ሳምንት ተነሱ። እናታቸው ሙልኪ ግን ለበሺር ከእንግዲህ አንዲት ትንኝ ትበቃዋለች ብላ ቁልፉን ነጥቃ ለወርሳሜ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ በሺር እንደ እንቁላል ተይዞ ቤት ይውላል። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው እንቁላል!

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ማርቲ የምታጠናውም ይህንኑ ነበር። ልቡ የደከመ ሰው ቫይረስ ሲገባበት ሰውነቱ እንደ ጤነኛው መከላከያ ያመርታል ወይ? መከላከያውስ ተመልሶ ልብን ይጎዳል ወይ? ለማነጻጸር ከየቤቱ አንድ ታማሚና አንድ ጤነኛ ደም ይሰጣሉ። ለበሺር ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ስለ ሥራው እንደሚነጋገሩ ነግራዋለች።

ሙልኪ ግን የልብ ታማሚ ደሙ አይቀዳም አለች። ሙልኪ ካለች አለች ነው። ስለዚህ ወርሳሜ ጠዋት በራሱ ስም ሰጠ። ድሬ ቀትሩን ተኝታ ስትነሳ፣ የጠዋቷ ነርስ በሌላ ስትተካ፣ ተመልሶ በበሺር ካርድ ሰጠ። በሺርም ቁልፉን እያሰበ ካርዱን አቀብሎት ነበር።

ዶክተር ማርቲ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። ፊቷ በርቷል። የታማሚው መከላከያ ከጤነኛው እኩል መሆኑን እያሳየች ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አስኬደች። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። ቁጥሮቹ ከልክ በላይ ይመሳሰሉ ነበር። ወርሳሜ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ቬንትሌተር ማየት ጀመረ።

«ሁለቱም ደም የሱ ነው» አለ በሺር አፍሮ፣ ወደ ወንድሙ እያመለከተ። «እኔ አልሰጠሁም።»

ዶክተሯ ተቆጣች፤ ጥናቱን ሊያበላሹባት ነበር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲያው ስለ አንተ የምናውቀው ነገር የለም» አለችው።

በሺር ይሄኔ ደነገጠ። ያታለለው ለካ ራሱን ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አቦ፣ አሁኑኑ ቅጂኝ» አለ።

ያ ሳምንት አልገፋ አለው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየዘለለ ያነሳል። በመጨረሻ ተጠሩ። የበሺር መከላከያ ከወርሳሜም ይበልጣል፤ ልቡም የብግነት፣ የመቆጣት ምልክት የለውም። በሺር ከወንበሩ ሲስፈነጠር ዶክተሯ እየሳቀች አስቀመጠችው። ይህ የእሱ ውጤት እንጂ የታማሚ ሁሉ አይደለም፤ እሱም ቢሆን ግማሽ ቀን ብቻ ይነዳል፣ ከባድ ዕቃ አያነሳም፣ መድኃኒቱን አያቋርጥም፣ አጎበር ውስጥ ይተኛል። በሺር ሁሉንም እሺ አለ።

ቤት ሲደርሱ በሺር እጁን ዘረጋ፣ ወርሳሜም ቁልፉን ሰጠው። ሙልኪ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ከሁለቱም ሰማች። ዘንቢሏን አንስታ ከኋላ ተቀመጠችና ቀፊራ ገበያ አድርሰኝ አለችው።

እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ትከሻውን ጨብጣ «ቀስ፣ ቀስ» ትለው ነበር። እዚያ ሲደርሱ ሌላ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። ሙልኪ እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ቅደመው እንጂ።»