መጋቢት 28፣ አራት ኪሎ

አማቴን አቶ ገብረዋህድን ጧት ካዛንቺስ ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የአርበኛ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ የአንበሳ ጎፈራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ለድል በዓል አራት ኪሎ፣ ሐውልቱ ጋ ሊሄዱ ነው። ቀኑ መጋቢት 28፣ 1990 ነበር።

ክው አልኩ። በዓሉ ሚያዝያ 27 ነው። ደርግ ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ተመለሰ። ያን ጊዜ «ቀናችንን ቀሙን» እያሉ ሲበግኑ የኖሩት ራሳቸው አማቴ ናቸው። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የድሮውና የዛሬው ተቀላቅሎባቸዋል።

ባለቤቴ መብርሃቶም ቁርጡን ንገሪያቸው ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። ለእሱ ቀላል ነው! እኔ ልናገር ስል ኮሌታቸውን አየሁት። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ራሳቸው ተኩሰውታል። ሐኪሙ ደግሞ ልባቸው ደክሟል ብሎናል፤ ሚያዝያ 27 ላይደርሱ ይችላሉ። በቃ፣ ላዳ ጠራሁ።

አራት ኪሎ መኪናው ሐውልቱን ይዞራል፣ ተማሪው ይሻገራል። ሰልፍ የለ፣ የአበባ ጉንጉን የለ። አማቴ ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ክንዴን ይዘው ግራ ቀኙን ቃኙ። ሊካሳ የት አለ፣ የሺሃረግስ እያሉ የትግል ጓዶቻቸውን ጠሩ።

«ሁሉም አለቁ ማለት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ደስ ላሰኛቸው ብዬ አምጥቼ ብቻቸውን አስቀረኋቸው። በራሴ በገንኩ፤ እንባዬም መጣ።

«አላለቁም አባባ። ቀኑን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በዓሉ ሚያዝያ ነው።»

ቁጣቸውን ጠበቅኩ። ሻይ ቢቀዘቅዝባቸው እንኳ ሰፈሩ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«እንኳን ተሳሳትሽ» አሉ። «እንኳን ተሳሳትሽ፣ ልጄ።»

ላዳው ውስጥ እስከ ቤት ድረስ እጄን አልለቀቁም። ሚያዝያ ላይ ሊካሳን ምን እንደሚሉት ሲያወሩልኝ መጡ።

በዓሉን አልደረሱበትም። ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ አረፉ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው ሬሳ ሳጥኑን ለመሸከም ገቡ፤ ሰው አይችሉም ብሎ ሊያስቀራቸው ሲል እምቢ አሉ።

ስማቸውን ጠየቅኩ። ሊካሳ ነኝ አሉኝ።