አይጥ ያልበላው ቀኝ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጥሩሐረግ ይህን ተረት ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ ማወቅና ልብ ማለት ግን ለየቅል ናቸው። በዋግ ያሉትን አድባራት ስትዞር፣ የዜማ ብራና የተቀመጠበትን እቃ ቤት ሁሉ ስታስከፍት፣ ከየደብሩ ሊቅ እግር ሥር ቁጭ ብላ ድምፁን ስትቀዳ ሁለት ክረምት አለፈ። ዝቋላ ቆላ ድረስ ወርዳ ወባ ይዛ ተመልሳለች። የገዛ አባቷን ድምፅ ግን አልቀዳችም። ለምን ሲሏት፣ አባቴማ ቤት ነው፣ የትም አይሄድ ትል ነበር። ይኸው እንዳለችው የትም አልሄደም። አልጋው ላይ ነው፤ የሄደው ድምፁ ነው።

ሥራዋ የዜማ መጻሕፍትን መዘርዘር ነው። የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ፣ ምን እንደያዘ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት ውስጥ ማን ሊያዜመው እንደሚችል ትመዘግባለች፤ ተመራማሪ ሲመጣ መጽሐፉን፣ ዘማሪ ሲመጣ አስተማሪውን እንዲያገኝ። ሰው መጽሐፉ ካለ ሁሉም ነገር ያለ ይመስለዋል። ወዲያ! የዜማ ምልክት እኮ ከመስመሩ በላይ የተጻፈች አንዲት ሁለት ደቃቅ ፊደል ናት። ለሚያውቅ ታስታውሳለች እንጂ የማያውቀውን አታስተምርም። የሚያዜመው ሰው የሞተበት ብራና የፍየል ቆዳ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ የወይራው ቂርቆስ መጽሐፍ ነበር፤ የአባቷ ደብር መጽሐፍ። በዚያ ደብር ለዓመቱ ክብረ በዓል የቀኝና የግራ ዘማሪዎች እንደ ሌላው ቦታ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ብቻ አይቆሙም። ግራው ይጀምራል፤ ቀኙ ሌላ ዜማ ይዞ ይገባበታል፤ ሁለቱ ዜማ ሳይነካካ እስከ ማሰሪያው፣ እስከ መጨረሻዋ ስንኝ፣ አብሮ ይሄዳል። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር እንደሚያርሱ ነውና አገሬው ይህን «ጥማድ» ይለዋል። መጽሐፉም ከፊቱ የቀኙን፣ ከኋላው የግራውን ምልክት ይዟል። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተው ነበር፤ አንዱ አባቷ ቀኝጌታ ገብረ አምላክ፣ ሌላው ግራጌታ ደጅይጥኑ። ደጅይጥኑ ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ድምፁ ከደጀ ሰላሙ አልፎ ገበያው ድረስ ይሰማል ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህን ሲሉት ደስ ይለዋል።

ታዲያ ምን ያደርጋል! በጦርነቱ ጊዜ ገብረ አምላክ መጽሐፉን ከማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው። ከዘራፊ ተረፈ፤ ከአይጥ አልተረፈም። አገር ሲረጋጋ ቢያወጡት የፊቱ ቅጠል ደህና ነው፣ የኋላው ተቀርጥፎ አልቋል። አይጥ ቀኝና ግራ አታውቅም፤ ደጅይጥኑ ግን ያውቃል። የራሱን ወደ ላይ አድርጎ የኔን ለአይጥ አበላ ብሎ ተቆጣ። ገብረ አምላክ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ሳቀ። ድንጋጤ ነው ያሳቀው ይላሉ የነበሩት። ድንጋጤም ይሁን ሌላ፣ በዚያች ሳቅ የስንት ዘመን ማኅሌት ፈረሰ። ደጅይጥኑ ከእንግዲህ ከገብረ አምላክ ጋር አፌን ብከፍት ቂርቆስ ይፍረድብኝ ብሎ ማለና መቋሚያውን ይዞ አምደወርቅ፣ ሚስቱ አገር ገባ። ሽማግሌ ተላከበት፣ ካህን ተላከበት፤ ወይ ፍንክች።

ሕመሙ የመጣው ጥሩሐረግ በመጨረሻ ለአባቷ ቀን ቆርጣ፣ መቅጃዋን ይዛ ከሰቆጣ በወጣችበት ሳምንት ነው። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፤ ንግግሩ ጠፋ። የአፍ መፍቻው ኽምጣናም አማርኛውም አንድ ላይ ሄደ። ውሃ ሲያምረው ዓይኑን ወደ ጆጉ ያዞራል፣ በቃ። የሚያገላብጠውና የሚያጎርሰው ታናሽ ወንድሟ መንግሥቴ ነበር። እሷማ ምን ታድርግ? የመጽሐፉን ፎቶ ከታብሌቷ ላይ እያሳየች፣ አባዬ አንዲት ስንኝ ብቻ፣ እባክህ፣ ትለዋለች። እሱ ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ይወርዳል። ከዚያ ወጥታ ከበረት ጀርባ ታለቅሳለች። የምታለቅሰው ለአባቷ ይሁን ለዜማው መለየት አቅቷት ነበር፤ ይህም ራሱ ሌላ ሐፍረት ሆነባት።

አንድ ጠዋት መንግሥቴ ገላውን ሲያጥበው ገብረ አምላክ አዜመ።

ሐሰት አይደለም፤ «ውሃ» ማለት ያቃተው አፍ የግእዙን ቃል ሳይሰብር አወጣው። ጥሩሐረግ በስልኳ ቀዳችው። ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ ቆይቶ ያንኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቀኙ ተገኘ ብላ ወንድሟን አንገቱን አቀፈችው። ምልክቱን በጣቷ ብትከተል ከዜማው ጋር አልገጥም አላት፤ ሕመሙ ነው ያበላሸው ብላ አለፈችው። ምን ታድርግ፣ ከሴቶች መቆሚያ ሆና ሁለቱን አብሮ እንጂ ለየብቻ ሰምታ አታውቅም። ሐኪሙም እንዲህ ያለ በሽተኛ ንግግሩ ጠፍቶ ዜማው የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ አብሮት የሚያዜም ካገኘ ይቀጥል ይሆናል፣ ግን ያ ደም ዳግመኛ ቢፈስ አይተርፍም፣ ብሏት ነበር። አብሮት የሚያዜም ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

መንገድ ተዘግቷል ተብሎ ሚኒባሱ ቆሞ ነበር። በጭነት መኪና ጋዝጊብላ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር በእግሯ አምደወርቅ ገባች። ደጅይጥኑ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ መቋሚያውን ቅቤ ሲቀባ አገኘችው። ከግቢው በር ድንጋይ አንስታ አንገቷ ላይ አድርጋ ተንበረከከች።

«ድንጋዩን አውርጂ» አላት። «አንቺ አይጥ አይደለሽ፣ ምኔን በላሽብኝና።»

ድንጋዩን ሳታወርድ የአባቷን ነገር ነገረችው። ሰማ፤ እጁ መቋሚያው ላይ ቆመ፤ ዓይኑም ቀላ። እግዜር ይማረው አለ። እኔ ግን ምያለሁ፣ በቂርቆስ የማለ አፍ አይታጠፍም አለ። ለመነችው። የኔታ፣ ልጅዎ ነኝ፣ ካልመጡ የሁለታችሁም ነገር ከእሱ ጋር ይቀበራል፣ የእርስዎንም አይጥ በልታዋለች፣ ቢያንስ ግራውን ልቅዳልዎ አለችው። ያን ጊዜ እንደ መቆጣት አደረገው። ግራ ብቻውን ዜማ ነው ወይ፣ ባንድ በሬ የሚያርስ አይተሽ ታውቂያለሽ ብሎ መለሰላት። ከቤት ውስጥ ሚስቱ እመት ማስተዋል ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉ ተሰሙ። ለማን እንዳሉት ሁሉም ያውቃል፤ ደጅይጥኑ ግን ያልሰማ መሰለ።

ጥሩሐረግ ድንጋዩን አወረደች። ጉልበቷም ተስፋዋም አልቆ ነበር። ሌላ የምትለው ቢጠፋት ስልኳን አውጥታ፣ እንግዲያው የሚሞተውን ሰው ይስሙት ብላ ከፈተችለት።

ደጅይጥኑ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲያልቅ መልሺው አላት። መለሰችው።

«ይሄ ቀኝ አይደለም» አለ። «የኔ ነው። አይጥ የበላችው ይሄ ነው።»

አልገባትም። አስረዳት። ግራ ካልጀመረ ቀኝ አይገባም፤ አባቷ የሚጀምርለት ሰው ስለሌለ የደጅይጥኑን ይዞ እየጠራው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለ ሰው በመጨረሻው የጠላቱን ዜማ ይዞ ሲጣራ፣ ደጅይጥኑ ቀርቶ እንዴት ያድራል? መሐላውስ ብትለው፣ ቂርቆስ ይፍረድብኝ ብያለሁ፣ እንግዲህ ይፍረድብኝ አለና በቅሎ እንዲጫንለት አዘዘ። እመት ማስተዋል ስንቁን ቀድመው ቋጥረው ነበር።

መንገዱን ሙሉ ጥሩሐረግ ቂርቆስን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት ይቆየን። ቆያቸው። ደጅይጥኑ ሲገባ ገብረ አምላክ በደህናው እጁ አልጋውን መታ መታ አደረገ። ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ።  ከዚያ ደጅይጥኑ እንደ ድሮው በግራ በኩል ቆመ፣ በመቋሚያው ወለሉን ነካ፣ ጀመረ። ጥሩሐረግ መቅጃዋን ይዛ ቀኙን ጠበቀች።

ገብረ አምላክ ገባ። የገባው ግን በግራው ነው። ደጅይጥኑ የሚለውን እሱም ያንኑ ይላል። ደጅይጥኑ አቋርጦ ዓይኑን እያየው እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ያው። ሌላም ጊዜ ሞከሩት። ያኔ ለሁሉም ገባቸው። በሽተኛው ማንንም እየጠራ አልነበረም። የራሱ ዜማ ከቀኝ ጎኑ ጋር ሄዷል፤ የቀረው ዕድሜ ልኩን ከፊት ለፊቱ ሲሰማው የኖረው ነው። ጥሩሐረግ መቅጃውን አጥፍታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ አለች በልቧ። ሁለት ክረምት የሰው አባት ድምፅ ስትሰበስብ ከርማ፣ የራሷ አባት በእጇ ላይ ባዶ ሆነ። ያን ሰዓት ሞቶ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ እንዲህ አሰበችና ማሰቧ አስፈራት።

 ደጅይጥኑ መቋሚያውን አነሳ፤ አልጋውን ዞረ፤ በቀኙ ቆመ። ግራጌታ ሆኖ በቀኝ መቆም ነውር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ሕፃን እንኳ ይስቅበታል። ማንም አልሳቀም። ለገብረ አምላክ ጀምር በሚል ራሱን ነቀነቀለት።

ገብረ አምላክ ግራውን ጀመረ። ደጅይጥኑ ቀኙን ይዞ ገባ።

መንግሥቴ ገንፎ እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ጥሩሐረግ መቅጃውን መልሳ ከፈተችው። የአንዱ ድምፅ በግማሽ አፍ ይወጣል፣ የሌላው እያመነታ፣ አንዳንዴም እየተሳሳተና እየታረመ ይሄዳል፤ ቢሆንም ጥማዱ ነበር፤ ልጅ ሆና የሰማችው ራሱ። ለካ ደጅይጥኑም ያን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊቱን ሲሰማ ኖሯል። እንባዋን ሳትጠርግ፣ ተገኘ፣ ተገኘ እያለች በሹክሹክታ ስትናገር ማሰሪያው ላይ ደረሱ።

እዚያ ሲደርስ ደጅይጥኑ ዝም አለ። ገብረ አምላክም አየውና ዝም አለ።

ጥሩሐረግ በፍጥነት ታብሌቷን አምጥታ ገጹን አሳየችው። የቀኙ ምልክት ማሰሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ አይጥ አልነካውም፤ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ደጅይጥኑ መነጽሩን አድርጎ አየው። ፊደሏን አያታለሁ፣ ምን እንደምትል ግን አላውቅም አላት። ዕድሜ ልክዎን አብራችሁ ስትቆሙ እንዴት አያውቋትም ብትለው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«እዚህች ላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ» አለ። «እሱን አልሰማሁትም።»

ከዚያ «እንደገና» አለ። ተስፋ አድርጎ አይደለም፤ እንዲሁ አለ። ገብረ አምላክ ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ደጅይጥኑ በቀኝ ገባ፣ አብረው ሄዱ። ማሰሪያው ላይ ሲደርሱ ደጅይጥኑ አፉን ዘጋ፤ በእጁ ቀጥል አለው፤ ጆሮውን ወደ በሽተኛው አፍ አቀረበ። ገብረ አምላክ በቀረችው ኃይሉ ሁሉ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ማሰሪያውን ወጣው። ደጅይጥኑ የሰማው ቀኙን አይደለም፤ የራሱን ጩኸት ነበር።