ካሮት ከነአፈሩ

ቁልፍ ሠሪው ሰው አያምንም። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ የገዛ ሚስቱ ነች፤ እሱም ሲነገረው እንደ ምስጋና ይቀበለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጠፋ ቁልፍ ሲቀርጽ፣ አልከፈት ያለ በር ሲከፍት የኖረ ሰው ነው። የአብዛኛው ሰው በር በምን ያህል ቀላል ነገር እንደሚከፈት ስለሚያውቅ፣ ጎረቤቶቹ እንዴት ተማምነው እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ይገርመዋል። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንድ ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛ ሲገባ ቀድሞ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው «የደጃችን» የተባለው ማኅበር መሥራች መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል። ማኅበሩ ከሩቅ አገር በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን አትክልት ትተን እዚሁ በከተማችን ጓሮ የበቀለውን እንብላ የሚሉ ሰዎች ስብስብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋሉ፤ አባላቱ ያበቀሉትን ይደረድራሉ፤ የከተማው ሰው ዘንቢሉን ይዞ ይመጣል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ነች፤ ንግግሯ ለስላሳ፣ ውሳኔዋ ግን የማይነቃነቅ።

ማኅበሩ አንድ የታወቀ ደንብ አለው፤ ያወጣውም ቁልፍ ሠሪው ነው። ካሮትም ይሁን ቀይ ሥር፣ ከመሬት የተነቀለ ነገር ሁሉ ሳይታጠብ ከነአፈሩ ይመጣል። የከተማዋ አፈር እንደ ሸክላ የቀላ ነው፤ በመኪና የሚመጣው አትክልት ደግሞ የሚበቅለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ስለዚህ አፈሩ ይመሰክራል ማለት ነው። ገዢዎች የቤታቸው የውኃ መውረጃ በጭቃ እየተደፈነ ቢያማርሩም ደንቡን ወደዱት። ቁልፍ ሠሪውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠረጴዛው ጫፍ ቆሞ፣ የመጣውን ሁሉ እያነሳ፣ አፈሩን በሁለት ጣቱ እያሸ «ይለፍ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ሥራው እጅግ ደስ ይለው ነበር።

ደስታውን ያደፈረሰው የእህቱ ባል ነው።

የእህቱ ባል ሾፌር ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጭነት መኪና እየነዳ ከሩቅ ሲያመጣ የኖረው ደግሞ ሌላ ሳይሆን አትክልት ነው። ከሚስቱ ጋር የሚኖረው ፎቅ ላይ በኪራይ ስለሆነ አንድ ስንዝር ጓሮ የለውም። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቀን ማኅበሩን ልቀላቀል አለና በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ቅርጫት ካሮት ይዞ ብቅ አለ። ካሮቱ ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ያልጠወለገ፣ ለዓይን የሚያምር ነው። ቁልፍ ሠሪው አንዱን አነሳና አፈሩን አሸው። አፈሩ ጥቁር ነበር።

የት እንዳበቀለው ጠየቀው። ሾፌሩ ሰው ጓሮ ውስጥ ነው አለ። የማን ጓሮ እንደሆነ ሲጠይቀው የሰው ነው ብሎ ፈገግ አለ። ያች ፈገግታ ቁልፍ ሠሪውን አልጣመችውም። ዘመድ ነውና ያን ቀን አሳለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ አጣ።

መጠርጠር የጀመረ ሰው ማስረጃ አያጣም። ሾፌሩን መናኸሪያው አጠገብ ከድሮ የሥራ ጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ አየው፤ ከጀርባቸው አንድ የጭነት መኪና ሸራውን እንደለበሰ ቆሟል። እህቱ ቁልፍ ልታስቀርጽ ሱቁ መጥታ ስለ ካሮቱ ሲያነሳባት ፊቷ ተለዋወጠና ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ አዞረችው። እሷ ደግሞ ስለ አየር ሁኔታ አውርታ አታውቅም። የቁልፍ ሠሪው ሆድ ቂም ቋጠረ። እሱ በሠራው ደንብ፣ በእሱው ጠረጴዛ ላይ፣ በገዛ አማቹ መሞኘት አንጀቱን አሳረረው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ካሮቱን ነርሷ ፊት አስቀመጠው። «እኔ እዚህ ተወልጄ እዚህ ያደግሁ ነኝ፤ እንዲህ ያለ አፈር በዚህ ከተማ የለም» አለ።

ሾፌሩ አልተቆጣም፤ አማቹን ረጅም ጊዜ አየው። አስተያየቱ ሐዘኔታ ያለበት ይመስል ነበር፤ ቁልፍ ሠሪው ግን ሐፍረት ነው ብሎ ተረጎመው።

«ካሮቱ እዚሁ ነው የበቀለው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፤ ቃል አለብኝ» አለ ሾፌሩ።

ነርሷ እስከ ቅዳሜ ጓሮውን ካላሳየ ከማኅበሩ እንደሚወጣ፣ ምክንያቱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንደሚለጠፍ አስታወቀች። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ከተለጠፈ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ሚስቱም አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ቁልፍ ሠሪው የእህቱ ነገር ትንሽ ከነከነው። ይህን ያመጣባት ባሏ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

እሁድ እንደ ልማዱ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ። እናቱ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ጓሮዋ ውስጥ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታለች። ያኔ ደንግጦ ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን በር ከውስጥ በአጭር ሰንሰለት አስሮ ጓጉንቸር ቆለፈበት። ጓጉንቸሩን ሱቁ ካሉት ሁሉ መርጦ ነው ያመጣው፤ ቁልፉም እሱ ጋ ብቻ ነው። እናቱ መጀመሪያ ለምናው ነበር። ለአንቺው ብዬ ነው፣ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል ብሎ ሲመልስላት ጊዜ ተወችው። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ሳይወጣ ጓጉንቸሩን ጎተት አድርጎ ያየዋል፤ ጓጉንቸሩም ንቅንቅ አይልም፤ እሱም ተረጋግቶ ይሄዳል።

ያን ቀን እናቱ እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች። በርዷት እንደሆነ ሲጠይቃት አልበረደኝም አለች፤ እጇን ግን አላወጣችም። ትንሽ ቆይታ የአማቹን ነገር አነሳች። ማን እንደነገራት አልገባውም።

«ሰውየውን ተወው ልጄ» አለችው።

«አንቺ አታውቂውም» አለና ተነሳ። ጓጉንቸሩን ጎተተው፤ እንደ ወትሮው ነው። ከቤት ሲወጣ ግን ልቡ አላረፈም። እናቱ የደበቀችው ነገር አለ፤ በእሷም በኩል ሾፌሩ እጁን አስገብቷል ማለት ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሾፌሩ ባዶ ቅርጫት አንጠልጥሎ በሱቁ በር አለፈ። ቁልፍ ሠሪው የጀመረውን ቁልፍ ማሽኑ ላይ እንዳለ ጥሎ ሱቁን ዘጋና እግር በእግር ተከተለው። ሾፌሩ ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ በልብስ ሰፊዎቹ በኩል ታጠፈ፣ የቁልፍ ሠሪው እናት የምትኖርበት መንገድ ውስጥ ገባ። በሯ ላይ ሲደርስ ማንኳኳት እንኳን አላስፈለገውም፤ ገፍቶ ገባ።

ቁልፍ ሠሪው ደሙ ፈላ። ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት፤ ይህ ዓይን አውጣ በመኪና የሚመጣለትን ካሮት የሚያከማቸው አቅመ ደካማ እናቱ ቤት ነው። እማዬን መጋዘን አደረጋት። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ትንሽ ታገሠና ተከትሎ ገባ።

ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም። ጆንያም የለም፤ ሣጥንም የለም። ወደ ጓሮው በር ሄደ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ተንጠልጥሏል፤ ሰንሰለቱ አልተነካም። በሩ ግን ክፍት ነው። ብርሃን የሚገባው በማጠፊያው በኩል ነበር። የማጠፊያው ብሎኖች አንድ ሳይቀሩ ተፈትተዋል፤ በሩ በተቃራኒው ጎን፣ የእሱን ጓጉንቸርና ሰንሰለት እንደ ማጠፊያ ይዞ ተከፍቷል። ስንት እሁድ ጓጉንቸሩን ሲጎትት ከረመ፤ ማጠፊያውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየም። ቁልፍ ሠሪ ቁልፍ ነው የሚያየው።

በክፍተቱ ሾልኮ ወጣ። እናቱ ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጣ ካሮት ትነቅላለች። ሹራቧን እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች፤ እጇ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ሾፌሩ ከጎኗ ቆሞ፣ አንድ እጁን እንዳትወድቅ ከጀርባዋ ዘርግቶ፣ በሌላው የምትነቅለውን ይቀበላታል። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። እናቱ በወጣትነቷ ጀምራ አመዱን፣ የረገፈውን ቅጠል፣ የአትክልቱን ልጣጭ ስትቀብርበት የኖረች መሬት ነው። ልጅ ሆኖ ከዚህ ጓሮ ሲመለስ ደፉ ላይ አስቁማ እግሩን ስታጥበው የሚወርደው ውኃ ጥቁር ነበር። እንዲህ ያለ አፈር በከተማው የለም ያለው እሱ ነው።

ጥላውን አይታ ቀና አለች። በሕይወቱ የማይረሳው ያኔ ያየውን ፊቷን ነው። እናቱ ፈራችው። እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ደበቀችና ለመነሳት ተጣደፈች።

«ገባሁ ልጄ፣ ገባሁ። ብዙ አልቆየሁም» አለች።

ሾፌሩ ክንዷን ይዞ አስቆማትና ወደ እሱ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ማኅበሩ ያባርረኝ ግድ የለም፤ በሩን ግን ተውላት» አለው።

ለቁልፍ ሠሪው አሁን ገባው። ሰውየው ይህን ጓሮ ላለማሳየት ሲል ስሙ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ፈቅዶ ነበር፤ ያንንም ያደረገው ከእሱ ለመደበቅ ነው፤ ከሌላ ከማንም አይደለም። አፈረ። ተመልሶ ገባና የቁልፍ ዘለላውን ከኪሱ አወጣ። የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ እናቱ በተጎዳው ዳሌዋ እያነከሰች ወደ በሩ ፈጠነች፤ ውጭ ሊቆልፍባት መስሏት ነው።

ጓጉንቸሩን ከፈተው። ሰንሰለቱ ወረደ። በሩን ይዞት የነበረው ሰንሰለቱ ብቻ ስለነበር፣ በሩ እንዳለ ወደ ጓሮው ተገነደሰና ሰላጣው ላይ ተዘረጋ።



«ሰላጣዬን» አለች እናቱ።

ሁለቱ ወንዶች ጎንበስ ብለው በሩን አነሱና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሾፌሩ ሳቁን ለመዋጥ ይታገል ነበር፤ ቁልፍ ሠሪው ግን አልሳቀም። እናቱ ቀስ ብላ ወደ ዱካዋ ተመለሰች፤ ተቀመጠች ማለት ግን አይቻልም፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀች ጫፉ ላይ አረፈች።

«የቅዳሜው ከነአፈሩ ነው አይደል የምትፈልጉት?» ብላ ጠየቀችው።

«ከነአፈሩ ነው። እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ የማን ጓሮ እንደሆነም፣ ማን እንደቆለፈውም እኔው እናገራለሁ» አላት።

እናቱ ፊቱን አላየችም። እጁን ነበር የምታየው፤ ጓጉንቸሩ አሁንም እጁ ላይ ነው፤ የት እንደሚያደርገው ትጠብቃለች።